ዛላውና ዱቄቱ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 24

ውድ መምህር ወልደ ጻድቅ፣

እንደ ወጉ ቢሆን በመጀመሪያ ጤናዎን፣ ቀጥሎም የቤተሰብዎን ደኅንነት መጠየቅ ነበረብኝ። ደኅና እንደሆኑ ስለማውቅ ግን አልጠይቅም። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዎን አጣፍተው፣ ከሰው ጋር እየተሳሳቁ ሲወጡ ከሩቅ አይቼዎታለሁ። ወትሮ ቢሆን ሮጬ መጥቼ ጉልበትዎን ልስም ጎንበስ እል ነበር፤ እርስዎም «ተይ እንጂ፣ አንች ልጅ!» እያሉ ትከሻዬን ይይዙኝ ነበር። ትናንት ግን ባለሁበት ቀረሁ። እርስዎም አላዩኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነው አለፉ።

ደብዳቤ የምጽፈው በስልክ ስለማልችል ነው። ድምፅዎን ስሰማ ተመልሼ የሃያ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ከአፌ የሚወጣው «አቤት መምህር» ብቻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቤትዎ መጥቼም የሆነው ይኸው ነው፤ ልናገር የሄድሁትን ሁሉ ዋጥ አድርጌ፣ የሰጡኝን ሻይ ጠጥቼ፣ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ያን «እሺ» መልሼ ለመውሰድ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በጀልባ መጥቼ ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የማውቀው ሰው እህቴ ዜማ ብቻ ነበረች። ሁለተኛው ሰው እርስዎ ሆኑ። የመዋቢያ ምርቶች ኬሚስትሪ ሲያስተምሩን አንድ ቀን በአንድ እጅዎ አንድ ዛላ በርበሬ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ስለነበርሁ ዛላውን ለእኔ ሰጡኝ።

«አሽትችው» አሉኝ። አሸተትሁት።

«ምን ሆንሽ?»

«ኧረ ምንም» አልሁ።

ከዚያ ወረቀቱን ፈቱና በውስጡ የነበረውን ድቅቅ ያለ በርበሬ ወደ እኛ እፍ አሉት። መምህር፣ ያን ቀን ያስነጠስሁትን ማስነጠስ እስከ ዛሬ አልረሳውም! ክፍሉ በሙሉ እየሳለ ወደ በሩ ሲጋፋ እርስዎ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው እንባዎ እስኪወርድ ሳቁ። ስንረጋጋ በትልልቅ ፊደል «ያው በርበሬ ነው። መጠኑ ግን ሌላ ነው» ብለው ጻፉ። አንድን ነገር ምንድን ነው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ምን ያህል ደቅቋል፣ በየት በኩልስ ነው ሰውነት ውስጥ የሚገባው ብላችሁ ጠይቁ አሉን።

ናኖ የሚባለው፣ ከፀጉር ውፍረት በመቶዎች ጊዜ የሚያንሰው ዱቄት በቅባት ተለውሶ ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲቀባ ከላይ ከላይ እንደሚቀር፣ በአየር ከተሳበ ግን ሳንባ ጥግ ድረስ እንደሚወርድ የተማርሁት ከእርስዎ ነው። ለቅባት የተፈቀደውን ለሚረጭና ለሚነፋ የሚከለክሉ አገሮች እንዳሉም የነገሩን እርስዎ ነዎት። እኔ ከየትም አላመጣሁትም። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ገጹ ላይ የበርበሬው ነጠብጣብ ሳይቀር አለ።

ውለታዎን ክጄ አይደለም የምጽፈው። አባቴ ሲሞት ደልጊ ድረስ መጥተው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከእናቴ ጎን የተቀመጡ ሰው ነዎት። ለዚህ ለምርት ምዝገባ ሥራ ስወዳደር የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። «ይህች ልጅ ሳትጠይቅ አታልፍም» ብለው ነበር የጻፉት። ኃላፊዬ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚያች መስመር ይቀልድብኝ ነበር። አሁን አቁሟል።

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ በመስቀል ማግስት፣ ከእህትዎ ልጅ ከአለበል ጋር ቢሮዬ መጡ። ቢሮዬ ስል ያችን ከመስኮት ሥር ያለች ጠረጴዛዬን ማለቴ ነው። በከተማችን ለገበያ የሚቀርብ የመዋቢያ ምርት ሁሉ በእሷ ላይ ያልፋል፤ እኔ ካልፈረምሁ ማኅተም አይመታም። እርስዎን በሩ ላይ ሳይ ብድግ አልሁ። ብድግ ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ወንበሬን ለቀቅሁልዎት። እርስዎ በእኔ ወንበር፣ አለበል በባለጉዳይ ወንበር ተቀመጣችሁ፤ እኔ እንደ አስተናጋጅ አጠገባችሁ ቆምሁ። መርማሪው ቆሞ አመልካቹ በመርማሪው ወንበር ከተቀመጠ ምን ምርመራ አለ? ነገሩ ያኔውኑ አልቆ ነበር።

አለበል «ፀዳል» የተባለውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀደም ብሎ አስመዝግቧል። በቅባቱ ላይ ዛሬም የምለው የለኝም። ያን ቀን ይዞት የመጣው ግን «ፀዳል የሙሽራ» የሚል ደረቅ ዱቄት ነበር፤ በትንሽ ሞተር ፊት ላይ የሚነፋ፣ ለፎቶ ፊትን የሚያበራ። ማሸጊያው ላይ በወርቃማ ፊደል «በናኖ ቴክኖሎጂ የተሠራ» ተብሏል። ሌላ ቦታ ይህ ቃል ገዢው አውቆ እንዲጠነቀቅ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ይጻፋል፤ አለበል ግን እንደ ሜዳልያ ከፊት ለፊት ለጠፈው።

ከማመልከቻው ጋር የእርስዎ ደብዳቤ ተያይዟል። «ዱቄቱ ቀደም ሲል በተመዘገበው ቅባት ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ስለሆነ ተጨማሪ የደኅንነት ምርመራ አያስፈልገውም» ይላል። ያው ንጥረ ነገር። አንብቤዋለሁ፤ አላነበብሁም ብዬ አልዋሽም።

«መምህር፣ ይኼኛው የሚነፋ ነው አይደል?» አልሁ።

«ያው ነው፣ ልጄ። እኔ አይቸዋለሁ» አሉኝ።

ቅጹ ላይ «የቅንጣቱ መጠን» እና «የአጠቃቀም መንገድ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የሚሞላቸው አመልካቹ ነው። እርስዎ ኪስዎን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «መነጽሬን ረስቸ መጣሁ፤ እስቲ አንች ሙይልኝ» አሉ። ትልቅ ሰው ጻፊልኝ ሲል እምቢ ማለት አላደግንበትም። ባንክም ሆነ ቀበሌ ቅጽ ይዘው የሚቆሙ አባቶችን እየሞላንላቸው፣ ምርቃት እየተቀበልን ነው ያደግን። እናም በእኔው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ በሁለቱም መስመሮች «እንደ ቀድሞው» ብዬ ሞላሁ። ፈረምሁ። «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው መረቁኝ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ዜማን ያውቋታል። የአክስቴ ልጅ ናት፤ በአንድ አልጋ ስላደግን ግን እህቴ ነው የምላት። ከሐይቁ ዳር ትንሽ ገባ ብላ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሙሽራ ታስጌጣለች። ታስጌጥ ነበር። ዱቄቱ ገበያ ሲወጣ ደውላ «እንዴት ነው? ልግዛው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያለ ስጋት ተጠቀሚበት፤ የመምህሬ ፊርማ አለበት» አልኋት። የእኔ ፊርማ አለበት አላልሁም። የእርስዎን ነው የጠራሁላት።

የሙሽራ ቤት እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ። ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ስትገባ ከሁሉ በፊት መስኮት ይዘጋል፤ በር ይዘጋል፤ መጋረጃ ይወርዳል። አንድም ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ነው፤ አንድም ላብ ያጠመቃት ልጅ ነፋስ እንዳይመታት። መስኮት ገርበብ ብሎ ያየች የሙሽራ እናት ቤት የተቃጠለ ያህል ነው የምትጮኸው። ዜማ በዚያች በታፈነች ክፍል፣ በጥር ቅዳሜና እሑድ አምስት አምስት ሙሽራ ከነሚዜዎቻቸው ትነፋ ነበር። ሙሽሮቹስ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ አምረው ወጥተው በመኪና ጥሩምባ ሐይቁ ዳር ፎቶ ሊነሡ ይሄዳሉ። እሷ ግን እዚያው ናት። ወደ ቤት ስትመለስ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ፣ የጆሮዋ ጀርባ ሳይቀር ያብረቀርቅ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ራስሽን ነው እንዴ የዳርሽ?» እያልሁ እስቅባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልረዳት ሄጄ ሳለ «ኧረ ነፋስ ገባ!» የሚል ጩኸት ስሰማ ብድግ ብዬ መስኮቱን ግጥም አድርጌ የዘጋሁት እኔ ነኝ። የኬሚስትሪ ምሩቋ፣ የምዝገባ ባለሙያዋ፣ የእርስዎ ጎበዝ ተማሪ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሳሉ የጀመራት ሐምሌ ላይ ነው። ክረምት ስለሆነ ብርድ ነው አልን። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዳማከሴ፣ ጠበል፣ ያልሞከርነው የለም። መስከረም ላይ ደረጃ መውጣት አቃታት። ኅዳር ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ ሆስፒታል ገባችና ኦክስጅን ተሰካላት። ወጣቱ ሐኪም ራጇን ወደ ብርሃን አንሥቶ ብዙ ካየ በኋላ ዘወር አለ።

«ሥራሽ ምንድን ነው? ወፍጮ ቤት ነው ወይስ ድንጋይ ጠረባ?»

«ሙሽራ ነው የማስጌጥ» አለችው፣ በየመሃሉ እየተነፈሰች።

ዱቄቱን ከቤት አምጥቼ አሳየሁት። አገላብጦ አነበበው። «ይኼ ነው ብዬ ልምል አልችልም» አለኝ። «ግን ሳንባዋ በደቃቅ አቧራ የተጎዳ ሰው ሳንባ ነው የሚመስለው። ከእንግዲህ እዚያ ክፍል እንዳትገባ።» እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር አልምልም የሚል ሰው ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ፊቱን ትኩር ብዬ አየሁት።

አሁን ቤት ገብታለች። እስከ ጥጉ ሱቅ ሄዳ ለመመለስ ሦስት ቦታ ትቀመጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መምህር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ተሳሳትን ብዬ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ እኖራለሁ እንጂ በእርስዎ ላይ ቃል አይወጣኝም ነበር። ነገር ግን ዜማ ሆስፒታል ሳለች ልጅዎ ወንጌላዊት ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት መጣች። ግንቦት ላይ ስትዳር ያስጌጠቻት ዜማ ስለሆነች ይዋደዳሉ። ወንጌላዊት ከወጣች በኋላ ዜማ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መልሶ ሳል ይሆንባታል።

«አባቷ ግን እንዴት ያሉ ፈሪ ናቸው!» አለችኝ። «ለሠርጓ ለት በጧት ደውለው ‹ለወንጌላዊት የሚነፋውን ተይው፤ ቅባቱን ብቻ አድርጊላት፤ ደረቷ አይችለውም። መስኮቱንም ክፈቱላት› አሉኝ እኮ። እናቷ መስኮት ክፈቱ መባሉን ብትሰማ ኖሮ ጉድ ነበር!»

«ምን አልሽኝ?» አልኋት።

ደገመችልኝ። ምንም አልጠረጠረችም፤ እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ።

መምህር፣ ያውቁ ነበር። መነጽርም ይርሱ ምንም ይርሱ፣ በርበሬውን አልረሱትም ነበር። ለራስዎ ልጅ ዛላውን ሰጡ፤ ዱቄቱን ለሰው ልጅ እፍ አሉት።

ወንጌላዊት ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ አለባት። ዜማ ደግሞ ያኔ ምንም አልነበረባትም። አባት ለልጁ ቢሳሳ አልቀየምም፤ የእኔም አባት ቢኖር እንዲህ ቢሳሳልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የማይገባኝ ሌላ ነው። ስልኩን አንሥተዋል፤ ዜማን አግኝተዋታል፤ ተናግረዋል። «አንችም ተይው» የምትለዋ ቃል ይህን ያህል ትከብድ ነበር? ከግንቦት እስከ ሐምሌ ስንት ሠርግ እንደነበረ ያውቃሉ? ዜማ «በቃ ተይው፣ ትልቅ ሰው ናቸው» ትለኛለች። ትልቅ ሰው መሆንዎ ነው የቆጨኝ።

የዜማን ሕመም ለቢሮዬ ካመለከትሁ በኋላ፣ ማክሰኞ የመጣሁት ይህን ይዤ ነበር። አለበልም ከጎንዎ ተቀምጧል። ገና አፌን ሳልከፍት «ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ኮሚቴ ሊቀመጥ ነው አሉ። የጽሕፈት ስሕተት ነው በይ። ‹እንደ ቀድሞው› የሚለውን የጻፍሽው አንች ነሽ፤ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጡሽ። መስመሩ ይታረማል፣ ምርቱ ገበያ ላይ ይቆያል፣ የመጠኑን ምርመራ ከጥር በኋላ እናቀርባለን።»

ከጥር በኋላ! ጥምቀት ወጥቶ የባሕር ዳር ሙሽራ ሁሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተነፍቶ ካለቀ በኋላ! ዱቄቱ እኮ እስከ መራዊ፣ እስከ እንፍራንዝ ድረስ ሄዷል። አለበል «መጋዘኑ ሙሉ ነው፣ እህቴ፤ ለጥር ያዘጋጀሁት ነው» ሲለኝ በእውነት አሳዘነኝ፤ እሱስ በርበሬው ክፍል ውስጥ አልነበረም። እርስዎ ደግሞ ስለ ዜማ ሳልጠይቅዎት «ለእህትሽ እንጸልያለን» አሉ። ቀጥለውም «እኔ እኮ እንደ አባትሽ ነኝ» አሉ። እዚያ ላይ ነው «እሺ» ያልሁት። በሩን ዘግቼ ስወጣ ገና ግቢዎ ውስጥ ሆኜ በራሴ አፈርሁ።

ይኸው «እሺ»ታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ይቀመጣል። የማቀርበውን ጽፌ ጨርሻለሁ። የሚጀምረው በእኔ ነው፦ «በአመልካቹ ፈንታ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅሁም።» ቀጥሎ የእርስዎ ደብዳቤ አለ። ከዚያ ለዜማ የደወሉት ስልክ አለ፤ ለዚህ ዜማ ራሷ ትመጣለች። ሁለት ፎቅ ነው፤ ደግፌ አወጣታለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ከጥምቀት በፊት ከየሱቁና ከየሙሽራ ቤቱ እንዲሰበሰብ። ኃላፊዬ «የጽሕፈት ስሕተት ብትይ ትተርፊያለሽ፤ እንዲህ ካቀረብሽው ግን ራስሽን ነው የምታባርሪ» ብሎኛል። ይሆናል። ደልጊ እናቴ አለች፣ እዚያ አልራብም።

እስከዚያው ከሥራ ስወጣ በየሙሽራ ቤቱ እየዞርሁ «ይህን ዱቄት ተዉት፣ መስኮትም ክፈቱ» እላለሁ። እብድ ነው የመሰልኋቸው። ባለፈው ዓርብ ለጥር ሠርጓ ለሙከራ የመጣች የአንዲት ሙሽራ አክስት፣ የመልካቸው ደግነት ገና ዓይኔ ላይ አለ፣ «አንች ልጅ፣ በዚህ ነፋስ ልትገያት ነው?» ብለው ከበሩ መለሱኝ። አልፈርድባቸውም። እኔም ዘግቼ ነበር።

ሐሙስ እስኪደርስ ሦስት ቀን አለ። ቀድመው መጥተው ደብዳቤዎን በራስዎ እጅ ቢያነሡ፣ «ያው ንጥረ ነገር ነው ማለቴ ልክ አልነበረም» ቢሉ፣ ስለ ስልኩም ኮሚቴው ከዜማ አፍ ሳይሆን ከእርስዎ አፍ ቢሰማ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚለምንዎት የምዝገባ ባለሙያዋ አይደለችም፤ ያስነጠሰችው ልጅ ናት። ባልወድዎት ኖሮ ይህ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አያልፍም ነበር።

ባይመጡም ሐሙስ መጠራትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ መነጽርዎን አይርሱ፤ ቅጹን አላነብልዎትም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ ልንገርዎት፣ እዚያ ሲያዩት እንዳይከፋዎት። ሲገቡ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ግማሹ ያስተማሩት ነው። እኔ አልነሣም። ከዜማ ጎን ነው የምቀመጠው። እሷ ያን ደረጃ ወጥታ ከመጣች በኋላ ብድግ ማለት አትችልም፤ ብቻዋን ተቀምጣ እንድትቀር ደግሞ አልፈልግም።

ከፊተኛው ረድፍ፣
ተማሪዎ እናትዓለም